ደብዳቤ ለልጄ፦ አትደብቂኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ይህን የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። የአክስትሽ ልጅ ማክሰኞ ማታ ከብራስልስ ደውላ ሁሉንም ነግራኛለች። ቢሮ ውስጥ ራስሽን ስተሽ መውደቅሽን፣ ሐኪም ቤት ማደርሽን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቡናና በብስኩት መክረምሽን። እሑድ ስንደዋወል ግን "አባዬ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" ነበር ያልሽኝ። እናትሽ እስካሁን አልሰማችም። አንቺው ራስሽ ንገሪያት። እስከ እሑድ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እኔ እነግራታለሁ።

አትደብቂኝ ልጄ።

በከዋክብት መካከል ስላለው አቧራ የምታጠኚው ሥራ አልገጥም ብሎሽ መሆኑንም ሰምቻለሁ። ለጥምቀት መጥተሽ ያስረዳሽኝን አልረሳሁትም። ታቦቱን ሸኝተን ከፋሲል መዋኛ ስንመለስ ነጠላችን በአቧራ ቀልቶ ነበር። በረንዳው ላይ ነጠላሽን እያራገፍሽ "የኔው አቧራ ከዚህ በጣም ያንሳል" አልሽኝ። አንዷ ቅንጣት የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ። ግማሹ እንደ ድንጋይ ፍጭ፣ ግማሹ እንደ ጥላሸት። የአያትሽ ማድቤት ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ትዝ አለኝ።

ያረጁ ከዋክብት ከላያቸው የሚተፉት ጋዝ ሲቀዘቅዝ አቧራ ይሆናል አልሽኝ። የሚፈነዱትም ከዋክብት ይሠሩታል። ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጋዙ ላዩ ላይ እየተጣበቀ ያሳድገዋል። ከዚያ ሌላ ኮከብ አጠገቡ ይፈነዳና ማዕበሉ ፍቆ ፍቆ ይጨርሰዋል። በእኛ ጋላክሲ ውስጥ በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ መቶ ኪሎ ቢሆን አቧራው አንድ ኪሎ ገደማ ነው። እኔም "ይሄማ የወፍጮ ቤት ሒሳብ ነው፤ የገባው ስንት፣ የተፈጨው ስንት፣ የበነነው ስንት" አልኩሽ። እየሳቅሽ "የኔ ሞዴል እሱው ነው አባዬ" አልሽኝ። ያን ቀን ምን ያህል እንደኮራሁ አልነገርኩሽም። አሁን ልንገርሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሒሳቡ አይሞላም ብለሽኛል። ጽንፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል። አንድ ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላት ግን አቧራ የሞላባቸው ጋላክሲዎች ታይተዋል። ያን ጊዜ አብዛኞቹ ከዋክብት ገና አላረጁም። የሚፈነዱት ደግሞ የሠሩትን መልሰው ሊያጠፉት ይችላሉ። ታዲያ ያ ሁሉ አቧራ ከየት መጣ? ይህ የአንቺ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ ሙያው በሙሉ የሚከራከርበት ነው ያልሽው አንቺው ነሽ። የሁሉም የሆነን ጥያቄ አንቺ ብቻሽን ጦምሽን አድረሽ ልትፈቺው ነው? ይህንንስ ማን አዘዘሽ?

በየካቲት 1979 ዓ.ም. ስለታየው የኮከብ ፍንዳታም ነግረሽኛል። እዚህ ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ነው፣ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 160 ሺህ ዓመት ገደማ የፈጀበት። መጀመሪያ ላይ አቧራው ጥቂት መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ሄርሼል የሚባለው ቴሌስኮፕ ሙቀቱን ለክቶ የፀሐይን ግማሽ ያህል የሚመዝን አቧራ አገኘበት። አቧራ ብርሃንን ቢሸፍንም የዋጠውን በሙቀት መልክ ይመልሰዋል፣ አየሽ።

እኔና አጎትሽ አዘዞ ወፍጮውን የከፈትነው ፍንዳታው በታየበት በዚያው በ1979 ነው። ይህንን ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ለዚያ ነበር።

እናንተ ልጆቹ አጎታችሁ "ድንገት" እንደሞተ ነው የምታውቁት። ድንገት አልነበረም። እሱ ቋቱ ሥር ቆሞ ዱቄት ይቀበላል፣ እኔ ሞተሩን እይዛለሁ። ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ይሆናል። አፉን በእናታችን አሮጌ ሻሽ ያስር ነበር። ሲያስል "ጉንፋን ነው" ይላል። አንድ ቅዳሜ ሰልፉ ከበር አልፎ መንገድ ደርሷል። ሳሉ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማኝ። ሻሹን ፈታ፣ አየው፣ አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ቀዩን አይቻለሁ። ዞር ብዬ የሚቀጥለውን ጆንያ ተቀበልኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም።

ማታ ስጠይቀው "ደህና ነኝ" አለኝ። ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኩት። በ1984 ክረምት ቀበርነው። እሱ ደበቀኝ፣ እኔም እንዲደብቀኝ ፈቀድኩለት። ይህን ለእናትሽ እንኳ እንዲህ አድርጌ ነግሬያት አላውቅም። ሻሹ እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ።

ስለዚህ "ደህና ነኝ" ስትዪኝ አልቀበልሽም። አትደብቂኝ። ሞዴሉ ባይገጥምም አትደብቂኝ፣ ልተወው ብትዪም አትደብቂኝ። ብትተዪው አልቆጣም። ብትደብቂኝ ግን እቆጣለሁ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ነገ ጠዋት አስተማሪሽ ዘንድ ሄደሽ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ጠይቂ። መታመምሽን ንገሪው፣ አትፈሪ፣ ሰው ነው። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ከአልጋሽ አርቂው። የሰፈራችን ልጅ ሐሙስ ስለሚበር ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና በሶ እልክልሻለሁ። በሶው እናትሽ ራሷ የቆላችው ነው፣ በማር በጥብጠሽ ጠዋት ጠዋት ጠጪው። ምስርም ብዪ። የክፍልሽን ማሞቂያ ለገንዘብ ብለሽ እንዳታጠፊ፤ የጎደለሽን ንገሪኝ፣ አንድ በሬ እሸጣለሁ፣ ምንም ማለት አይደለም። የኔ ዓለም፣ አይዞሽ። ሁላችንም እዚህ አለን።

የደም ምርመራውን ውጤት ዛሬውኑ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። የአክስትሽ ልጅ ሁለት ገጽ ነው ብላኛለች። ሁለቱንም ላኪ።

አባትሽ
ጎንደር