ጥቁሩ ቀለም ከውስጥ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የግንባር መብራታቸውን ማጥቆር የሚፈልጉ ወጣቶች በዝተዋል። አልፈርድባቸውም። ነጭ መኪና ላይ ጠቆር ያለ መብራት ያምራል፤ የመኪናውን ፊት ኮስተር ያደርገዋል። እኔም እወደዋለሁ። የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ «መብራቴ ደክሟል፣ ጠንከር ያለ አምፖል ግጠምልኝ» ብሎ መጣ። አምፖሉ ባለ 55 ዋት ነው፣ ምንም አልሆነም። ባትሪውም ደህና ነው። የመብራቱ መስታወት ላይ ግን ጥቁር ፊልም ተለጥፎበታል። መኪናውን ወደ ግድግዳ አዙረን አጭር መብራት አበራን። የአንዱን ፊልም ጠርዝ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ በጥፍሬ ላጥኩት። በዚያ በኩል ብርሃኑ ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ ግድግዳው ላይ ወጣ። በሌላው በኩል ያው ድንግዝግዝ። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «በዚህ ነው እስከ ዛሬ ማታ ማታ የነዳሁት?» አለኝ።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ከታየ ያ ሁሉ መሬት አለቀ ማለት ነው። ጠንካራ አምፖልም መፍትሔ አይሆንም። ሃሎጂን ለሚባለው ባለ ክር አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ ዜኖን የሚባለው ደማቅ አምፖል ሲገባ ብርሃኑ ይበታተንና ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል።

እባካችሁ የመብራቱን ውስጥ ልብ ብላችሁ እዩት። አምፖሉን የከበበ አንጸባራቂ አለ፤ ብርሃኑን መንገድ ላይ የሚጥለው እሱ ነው። ከእሱ ዙሪያ ደግሞ ለጌጥ የገባ፣ ኒኬል የመሰለ ፕላስቲክ አለ። መቀባት ያለበት ይሄ ጌጥ ብቻ ነው። መብራቱ ይፈታል፣ መስታወቱን ከቤቱ ጋር ያጣበቀው ማስቲሽ እስኪለሰልስ ይሞቃል። ሲላቀቅ እንደ ማስቲካ ክር እያወጣ ይሳባል። ችኮላ አይወድም፤ መስታወት የምንለው ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ጌጡ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ይቀባል፣ በደንብ ይደርቃል። በደንብ ካልደረቀ የቀለሙ ትነት ውስጥ ታፍኖ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ሲዘጋም አሮጌው ማስቲሽ ተጠርጎ አዲስ ይግባ፤ ያለዚያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውስጡ ላብ ይይዛል። ፍሬቻውን አታጥቁሩት።

አንጸባራቂውን በጣታችሁም ቢሆን አትንኩት። ሽፋኑ እጅግ ስስ አሉሚኒየም ነው። ጀማሪ ሳለሁ አቧራ ልጠርግ ብዬ ሽፋኑን በጨርቅ አነሳሁትና ሙሉ መብራቱን ከኪሴ ተካሁ።

የልጁን መብራት በዚሁ መንገድ ሠራንለት። ሁለት ቀን ፈጀብን። ሊወስደው ሲመጣ ቀን ነበር፤ እስኪመሽ ቁጭ ብሎ ጠበቀና እዚያው ግድግዳ ፊት አበራው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ