ለሰብለ፦ ስለ ሞሄሩ ብርድ ልብስ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ ለሰብለ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜ ከብዶኛል፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ይቅር በይኝ። ትዕግስት ጥር ላይ እንደምትወልድ ከእህትሽ ሰማሁ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ለሚመጣው ሕፃንም የሞሄር (የፍየል ፀጉር ክር) ዳንቴል ብርድ ልብስ ልትሠሪ ክር እያፈላለግሽ ነው አለችኝ። ሳትጀምሪው ይድረስሽ ብዬ ነው የተቻኮልኩት።

ሰብልዬ፣ ብርድ ልብሱን ሥሪው፣ ግን ለሕፃኑ አይሁን። የሞሄር ፀጉር ይረግፋል፤ አራስ ልጅ ደግሞ እጁ ካፉ አይለይም። የዳንቴሉ ቀዳዳም ለትንንሽ ጣቶች ጥሩ አይደለም፣ ገብተው ይያዛሉ። ለሕፃኑ ቀዳዳ የሌለው የጥጥ ሥሪለትና ሞሄሩ ለአራሷ ይሁን። አልጋ ላይ ስትቀመጥ እግሯን የምትሸፍንበት ነገር ከዚህ የተሻለ አታገኚላትም፤ መቶ ግራም ከምናምን ብቻ ሆኖ ደህና አድርጎ ይሞቃል።

ሞሄር የአንጎራ ፍየል ፀጉር ነው። የፍየሉ ስም ከአንካራ የመጣ ቢሆንም ሞሄር ዛሬ ከሁሉም አገር በብዛት የሚመረተው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከአንጎራ ጥንቸል የሚገኘው ክር ሌላ ነው፣ እንዳያሳስቱሽ። ፍየሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሸለታል፤ የግልገሉ ፀጉር ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ እያረጀ ሲሄድ እየወፈረ ቆዳ ይበላል። ስለዚህ የግልገል መሆኑን ጠይቂ። ለዳንቴል የሚሆነው 70 በመቶ ያህሉ የግልገል ሞሄር፣ የቀረው ሐር የሆነው ነው። ሐሩ መሐል ገብቶ ይሸከመዋል፣ ፀጉሩ ዙሪያውን ይቆማል። የዚህ ዓይነቱ 25 ግራም ጥቅል ወደ 210 ሜትር ይወጣዋል።

መርካቶ ከሚሸጠው ውስጥ ሞሄር ተብሎ አብዛኛው አክሪሊክ የሆነ አለና ወረቀቱን አንብቢ። ከተጠራጠርሽ ባለሱቁን አስፈቅደሽ የጣት ርዝመት ታህል ቁረጪና ክብሪት ጫሪበት። እውነተኛው ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። አክሪሊኩ ቀልጦ ይሰበሰብና ሲቀዘቅዝ እንደ ጥቁር ዶቃ ይደርቃል። አምስት ጥቅል ያስፈልግሻል፤ አምስቱንም ባንድ ቀን ግዢ፣ የቀለም ቁጥራቸውም አንድ ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ያው ነጭ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ሲውል ይለያል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ ጥቁርና ቡናማ ሞሄር ላይ የሹራቡን ዐይን ለይቶ ማየት ያደክማል። ስትሠሪም ጉልበትሽ ላይ ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፊ፣ ዐይኑ ጎልቶ ይታይሻል።

አሁን ዋናው ነገር። አንቺ የኪሮሽ ሰው ነሽ። በኪሮሽ አንድ ዐይን ብቻ ነው ክፍት ሆኖ የሚቆየው፤ ሲበላሽ ስበሽ ትተረትሪና ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። በሹራብ መርፌ ግን 160 ዐይን ባንዴ ተሸክመሽ ነው የምትሄጅው። ሞሄር ደግሞ መተርተር አይወድም። የታችኛው ረድፍ ፀጉር ከላይኛው ጋር ይቆላለፋል፤ ክሩን ስትስቢው ፀጉሩ ተጠምጥሞ ይቋጠራል፣ አጥብቀሽ ከጎተትሽው ሐሩ ብቻውን ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ እንዳትተረትሪ ነው።

መርፌው 5 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱ ጫፎች በገመድ የተያያዙለት፣ ርዝመቱ 100 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለሌላ ክር የእንጨቱን እመርጣለሁ፤ ለሞሄር ግን ብረቱ ይሻላል፣ ክሩ ራሱ የሚይዝ ስለሆነ መርፌው መንሸራተት አለበት። ገመዱና መርፌው የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍርሽ ዳብሺው፤ ሻካራ ከሆነ በየረድፉ ፀጉሩን እየነጨ ያማርርሻል።

160ውን ዐይን መርፌው ላይ ከመጣልሽ (ሥራውን ከመጀመርሽ) በፊት 40 ዐይን ጥለሽ ከዚህ በታች ያለውን ጥለት ሞክሪ፤ ከዳርና ከዳር ሁለት ሁለት፣ መሐሉ ሁለት ጊዜ 18። ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄድሽ በኋላ እጠቢውና ወጥረሽ አድርቂው። ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ከመጣ እጅሽና መርፌው ተስማምተዋል። 22 ከሆነ መርፌውን ወደ 5.5 ከፍ፣ 28 ከሆነ ወደ 4.5 ዝቅ አድርጊው። ሳይታጠብ አትለኪው፤ ሞሄር ዳንቴል ውሃ ሳይነካው የሚሰጥሽ መጠን እውነተኛው አይደለም።

ጥለቱ በስኮትላንድ ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች የቆየ የማዕበል ጥለት ነው። አራት ረድፍ ብቻ ነው፣ ከአራቱም ማሰብ የሚፈልገው አንዱ ነው። አንደኛው ረድፍ በፊት በኩል ሁሉም ቀጥ፣ ማለት ክሩን ከሥራው ኋላ ይዘሽ የምትሠሪው ዐይን። ሁለተኛው በጀርባ በኩል ሁሉም ግልብጥ፣ ማለት ክሩን ከፊት ይዘሽ የምትሠሪው። ሦስተኛው ላይ ለእያንዳንዱ 18 ዐይን፦ ሁለቱን ባንድ አድርጎ መሥራት ሦስት ጊዜ፤ ቀጥሎ አንድ ቀዳዳና አንድ ቀጥ፣ ይህን ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ እንደገና ሁለቱን ባንድ ሦስት ጊዜ። ቀዳዳ የምለው ክሩን ወደ ፊት አምጥቶ በመርፌው ላይ መጣል ነው፣ ዳንቴሉን ዳንቴል የሚያደርገው እሱ ነው። አራተኛው በጀርባ በኩል ሁሉም ቀጥ፤ ይህ በፊት በኩል ትንሽ እንደ ጠርዝ ብቅ ይልና ማዕበሉን ያወጣዋል። ስድስት ዐይን ይጠፋል፣ ስድስት ይወለዳል፤ 18 ገብቶ 18 ይወጣል።

ከዳርና ከዳር ያሉት ስምንት ስምንት ዐይኖች በሁሉም ረድፍ ቀጥ ናቸው፣ ጥለቱ የሚሠራው በመሐሉ ስምንት ጊዜ 18 ላይ ብቻ ነው። ስትጥይ 6 ሚሊ ሜትር መርፌ ተጠቀሚና ልል አድርገሽ ጣይ፤ የመጀመሪያው ጠርዝ ከጠበቀ በኋላ ምንም ብትወጥሪው አይሰፋም። በየረድፉ መጀመሪያ ያለችውንም ዐይን ሳትሠሪ ማሳለፍ ለሹራብ የለመድነው ቢሆንም እዚህ አይሁን፣ ዳሩን ያሳጥረዋል። ስምንት ረድፍ ሁሉንም ቀጥ ሥሪ፣ ማዕበሉን 68 ጊዜ ድገሚ፣ መጨረሻ ላይ ስምንት ረድፍ ቀጥ። 288 ረድፍ መሆኑ ነው፣ 100 በ130 ሴንቲ ሜትር ይሰጥሻል። አንዱ ረድፍ እስከ 10 ደቂቃ ቢፈጅብሽ በቀን ሁለት ሰዓት እየሠራሽ ከወር በታች ነው፤ ለጥር ትደርሻለሽ።

በየ18ቱ መሐልና በዳሮቹ ላይ ከሌላ ቀለም ክር የተሠራች ቀለበት አስገቢ፣ ዘጠኝ ይበቃሉ። ሦስተኛውን ረድፍ ስትጨርሺ እያንዳንዱን ክፍል ቁጠሪው። 17 ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ቀዳዳ ነው። ሁለት ቀጥ ዐይኖች ተጣብቀው የቆሙበትን ፈልጊ፤ በመሐላቸው አንዲት አግዳሚ ክር አለች፣ እሷን በመርፌው ጫፍ አንስተሽ ግራው መርፌ ላይ ስቀያት። ቀዳዳው ከጎረቤቶቹ ትንሽ ይጠባል፣ ሲወጠር ግን አይታወቅም። ዐይን ካመለጠሽም አትደንግጪ፤ ሞሄር ራሱን ስለሚይዝ እንደ ጥጥ ወደ ታች አይሮጥም።

በየሦስተኛው ድግግሞሽ፣ ማለትም በየ12 ረድፉ፣ አራተኛውን ረድፍ እንደጨረስሽ ለስላሳ የጥጥ ክር በደነዘ መርፌ በ160ዎቹም ዐይን ውስጥ አሳልፊና እዚያው ተይው። ቀለበቶቹን ግን አትስፊያቸው። ችግር ቢመጣ መርፌውን አውጥተሽ እስከዚያ ክር ድረስ ትመለሻለሽ፣ ከዚያ በታች የሚነካ የለም። መተርተር ግድ ከሆነ ሥራውን በላስቲክ ጠቅልለሽ አንድ ሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው፣ ፀጉሩ ይተኛል። ከዚያ ዐይን በዐይን፣ ተቆላልፎ እንቢ ያለሽን ፀጉር በትንሽ መቀስ ጫፍ እየቆረጥሽ። ሐሩን እንዳትነኪ አደራ።

አዲስ ጥቅል ስትጀምሪ ከዳር ይሁን፣ ሁለቱንም ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፊ። ስትጨርሺም በ6 ሚሊ መርፌ ዝጊው፤ ሁለት ዐይን ባንድ ሠርተሽ የወጣውን ወደ ግራ መልሰሽ ከሚቀጥለው ጋር ባንድ፣ እንዲህ እስከ መጨረሻው። ለዚህ ከ4 ሜትር ያላነሰ ክር ይትረፍሽ።

ከመርፌው ሲወጣ የተኮማተረ ጨርቅ ይመስላልና ቅር እንዳይልሽ። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሻምፑ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ፀጉር ነውና እንደ ፀጉር ይታጠባል። አትጭመቂው፣ ከሥሩ ደግፈሽ አውጪውና ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ርገጪው። ከዚያ ፍራሽ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፈሽ በማይዝግ ስፒል 100 በ130 አድርገሽ ወጥሪው፤ መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን፣ ቀጥሎ የየጎኑን መሐል፣ ከዚያ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ። ማዕበሉ በዐይንሽ ፊት ሲከፈት ታያለሽ። በዚህ በበጋው አየር በ24 ሰዓት ይደርቃል፣ ፀሐይ ግን አይንካው። ሳይደርቅ ስፒሉን ካነሳሽ ተመልሶ ይኮማተራል። የክሩን ጫፍ ከደረቀ በኋላ ቁረጪው እንጂ በፊት አትቁረጪው፣ ሲወጠር ይሾልካል። አታንጠልጥይው፣ ይለጠጣል፤ አጣጥፈሽ ታጥቦ በደረቀ የትራስ ልብስ ውስጥ አስቀምጪው፣ ብል ላቡን የያዘ ፀጉር ይወዳል።

የሙከራዋ ቁራጭ ታጥባ ስትደርቅ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደመጣች ጻፊልኝ፣ 160ውን ሳትጥይ እንነጋገርበታለን። አምስት ጥቅል አንድ ቀለም እዚያ ካጣሽም ንገሪኝ፣ መርካቶ ወርጄ እልክልሻለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ትዕግስትንም ማርያም ታውጣሽ በይልኝ።

ያንቺዋ
ሂሩት