ቡቲኩ ይከፈት፣ ጭቃው ግን ሲሚንቶ አይቀባ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ በእንጦጦ ዳገት ካለው ሰፈራችን ነው። ለዓመታት ተዘግቶ የከረመው ባለ ሰፊ በረንዳ አሮጌ ቤት ታድሶ የልብስ ቡቲክ ሊከፈትበት ነው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ቅርስ እንዴት ሱቅ ይሆናል?» ይላል። እኔ ይሁን ከሚሉት ወገን ነኝ።

ሰው የሌለበትን ቤት ጣሪያ ማን ቀና ብሎ ያያል? አንድ ቆርቆሮ ሲነሳ ክረምቱ ይገባል፣ ጭቃው ይርሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። ከዚያ «ያሰጋል» ተብሎ ይፈርሳል። በ1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱ ስንት ቤቶች እንዲህ አለቁ! ኪራያቸው ከማነሱ የተነሳ ለጥገና የሚተርፍ ነገር አልነበረም። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ተርፏል፤ ተመስገን ነው። ግን አሮጌ ቤት ሁሉ ሙዚየም ሊሆን አይችልም። ደግሞስ ሸማኔ በሞላበት ሽሮ ሜዳ የጥበብ ቀሚስ የሚሸጥ ቤት ምኑ ያስገርማል? (ዋጋው እንደ እኔ ላለው እንደማይቀመስ ከወዲሁ ይገባኛል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

የኔ ስጋት ሲሚንቶው ነው። አሁን ያደሱት ሰዎች ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው፣ እንደ ድሮው መርገውታል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ ውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። የዛሬዋ ተከራይ ይህን ታውቅ ይሆናል። ከእሷ በኋላ የሚመጣውስ? ሱቅ ነውና በረንዳውን በአልሙኒየምና በመስታወት መዝጋት ያምረዋል። ጣውላውን በስቶ መብራት ይዘረጋል። ፊቱን በትልቅ ማስታወቂያ ይሸፍነዋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ፣ ተከራይ ስለ አዋጁ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ግድግዳው ከተነካ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከኪራይ ውሉ ጋር የሚያያዝ አንድ ገጽ አዘጋጁልን። በግልጽ አማርኛ ይጻፍ። የቱ ጋ ሚስማር ይመታል፣ የቱ ጋ አይመታም? ግድግዳው በምን ይመረጋል? በረንዳው ክፍት ሆኖ ይቆያል ወይስ አይቆይም? ጣሪያው ሲያፈስ የሚከፍለው ማን ነው? ተከራይ ቢቀየርም ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ይቆይ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ አንድ ባለሙያ ልካችሁ ጣሪያውን አሳዩት።

ከኛ ዝቅ ብሎ ያለው ሌላ አሮጌ ቤትም በሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ብትደርሱ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪ