አባባ፣ ሞተሯ ተነሳች

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ እናቷን ሊያልፍ ነው። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውሮታል፣ «ለአያቴ ንገርልኝ» ብሎኛል። ጣራው ራሱ በማድ ቤቱ በኩል ሁለት ቆርቆሮ ዝጎ ክረምቱን ሲያፈስ ከረመ። አስቀይሬዋለሁ፣ አይጨነቁ።

ይህን የምታነብልዎ እታለም መሆኗን አውቃለሁ። እታለም፣ የሚከብድሽ ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘይው።

ያን ዕለት ስልኩን ከአያቴ ጃዋ ሞተር ብስክሌት አስጠግቼ ሳሰማዎ «የግራው ሲሊንደር አይተኩስም፤ ካንዴላውን ተወውና ፑንቲናውን እየው» ያሉት ልክ ነበር። መካኒኩ የካንዴላውን ብልጭታ የምትቆጣጠረው ፑንቲና ሁለት መሆኗን አላስተዋለም፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን እንዳለ ትቶታል። ክፍተቱን 0.4 ሚሊ አድርገን ስንረግጣት በሁለተኛው ተነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ ጭሱን አይቶ ቤት የተቃጠለ መስሎት ወጣ። እኛ አንድ ወር ሙሉ ጎንበስ ብለን ያላገኘነውን እርስዎ ከአዲስ አበባ በጆሮዎ አገኙት። አመሰግናለሁ።

ሲሊንደሮቹ ሬቲፊካ ገብተው ተፍቀዋል። የፒስተኑ ፋሻ እዚህ በልኳ ስላልተገኘ ከውጭ በሰው አስመጣሁት፤ ዋጋውን አልነግርዎትም። መብራቷን በ6 ቮልት እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ሻማ ነው የሚያክለው። ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ዘይት እቀላቅላለሁ፣ ልክ እንዳሉት። ቤንዚኑን ለማግኘት ግን ሰልፉ ከዘይቱ ይወፍራል።

ትናንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አወጣኋት። ከጊዮርጊስ ጀምሬ በዘንባባው መንገድ ቀስ ብዬ ስሄድ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ የጨርቃ ጨርቁ ጡረተኞች ድምፁን ሰምተው ተነሱ። አንደኛው የአባትዎን ስም ጠርቶ «ጣሊያን ፋብሪካውን በጦርነቱ ካሣ ሠራልን፣ ቼክ ግን ሞተሯን በብር ነው የሸጠልን» አለኝ። ያ የአያቴ ቀልድ ለካ ከቤታችን ወጥቶ ኖሯል። ከከተማ አልራቅሁም፤ ምክንያቱን ያውቁታል።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ «በአባቴ ሞተር ሳልሻገረውማ አልሞትም» ብለው ነበር። ከመጋዘን ያወጣኋትም ለዚያ ነው። እኔ ቀደምኩዎ፤ ይህንንም ከጥፋቶቼ ይቁጠሩት። 380 ሜትር ነው ይላሉ፤ አባታችን ሆይን ጀምሬ ሳልጨርስ ተሻገርኩት። ከወዲያ ወደ በዛዊት የሚያስታጥፈው መንገድ ጋ ስደርስ ግን እግሬ ሳላዘው ፍሬኑ ላይ ወጣ። አልታጠፍኩም፣ ተመለስኩ።

በ1991 ክረምት፣ ሚኒስትሪ ማለፌን የሰማሁ ዕለት፣ ቁልፉን ከኮትዎ ኪስ ወሰድኩ። ስርቆት ነው፣ አልክድም። ከበዛዊት ቁልቁል ስወርድ ጠጠሩ አንሸራተታት፤ እሷ መንገዱ ላይ በግራ ጎኗ ተጋደመች፣ እኔ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ሰው ጠርቶዎት ሲደርሱ ገና እዚያው ቦዩ ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ ያነሱት እሷን ነው። ታንኩን በመዳፍዎ ዳሰሱ፣ የጎደጎደው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ እየገፉ ሄዱ። ግራ እጄን በቀኜ ደግፌ እስከ ቤት ስከተልዎ አንዴም አልዞሩም።

ወጌሻ ዘንድ በሦስተኛው ቀን የወሰደችኝ እማዬ ናት፣ ነፍሷን ይማር። «አባትህ ደንግጦ ነው» አለችኝ። ይችን ቃል ከእርስዎ አፍ ለመስማት 26 ዓመት ጠበቅሁ። እርስዎ ሞተሯን መጋዘን ከትተው ቆለፉባት፤ እኔን ሊቀጡ ይሁን ራስዎን፣ ለማናችንም አልነገሩን።

አሁን ይህን ያነሳሁት ልወቅስዎ አይደለም ልል ነበር። ልወቅስዎ ነው። እጄ ዛሬም ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል። ደግነቱ ጃዋ ማርሽ መቀየሪያዋ ሲረገጥ ራሱ ፍሪሲዮኑን ስለሚለቀው፣ እጅ ባይጨብጥም ማርሽ ይገባል። እርስዎ ሳያዝኑለት ለሰበረችው እጅ እሷ አዘነችለት።

ቀለም ቀቢው የታንኩን ጉድጓድ አሳይቶ «ለትዝታ ልተወው?» ብሎኝ ነበር። በስቱኮ አስሞላሁት። ቀለሙ ያው ጥቁር ቀይ ነው፤ ሲመጡ እጅዎ ጉድጓዱን እንደሚፈልገው አውቃለሁ። አያገኘውም።

እታለም፣ አሁን ያልኩሽ ቦታ ላይ ደርሰሻል።

አባባ፣ ሐኪሙ የተናገረውን ነግራኛለች። ለእርስዎ ግን «ጠብታው ያሻሽለዋል» ማለቷን አልወደድኩትም። ግላኮማ ከዓይን የወሰደውን አይመልስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ ስለዚህ አንድም ማታ አይዝለሉ፣ ያልተከፈተውም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። እዚህ ሳሉ በቀኝዎ የመጣውን ባጃጅ ሳያዩት ቀርተው «እብድ ሹፌር» ሲሉ፣ ባጃጁ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው። አይቻለሁ፣ ዝም አልኩ። «ስመጣ አሙቀህ ጠብቀኝ» ባሉኝ ቁጥር እሺ ያልኩትም ፈርቼ ነው። አይነዷትም። ድልድዩ ላይም ሆነ ግቢ ውስጥ አይነዷትም።

በሽታው በዘር ስለሚሄድ ልጆችዎም ይመርመሩ ብሏል። እታለም ታይታለች፣ ደህና ናት። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ገና አልሄድኩም። ከገና በፊት እሄዳለሁ።

ሌላው የወረቀቱ ነገር ነው። ሊብሬው እስካሁን በአባትዎ ስም ነው፤ 1954 ዓ.ም. የሚለው ዛሬም ይነበባል። በሟች ስም ቦሎም ኢንሹራንስም አይሆንልኝም (ትናንት የነዳሁት ያለ ቦሎ ነው፣ አይቆጡኝ)። ወራሹ እርስዎ ስለሆኑ ስሙን ለማዞር ውክልናዎ ያስፈልገኛል። ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። እታለም ውልና ማስረጃ ትወስድዎታለች፣ የሚፈርሙበትን ቦታ ጣትዎን ይዛ ታሳይዎታለች። መፈረሙ ከከበደዎም ይቆይ፤ እሷ እንደሆነች 26 ዓመት ቆማ ታውቃለች።

የዘጌ ቡና በሰው ልኬያለሁ፣ ግማሹ የእታለም ነው።

ቅዳሜ ስደውል አስነስቼ አሰማዎታለሁ። ቀኙ ሲሊንደር አሁንም ትንሽ ያስለዋል፤ ምን እንደሆነ እርስዎ ይነግሩኛል።

ልጅዎ