አሥራ ሁለት ወሩን ከየት እንቁጠር? ለኦዲት ተቆጣጣሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

በየአገሩ የሂሳብ አያያዝና የኦዲት ሥራን ለምትቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የተሻሻለውን አይ.ኤስ.ኤ 570 (ድርጅት ሥራውን መቀጠል መቻሉን ኦዲተር የሚያይበትን ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃ) ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ኦዲተር ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ቀን አቆጣጠር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የብዙ ሰው እንጀራ ግን የተንጠለጠለበት ነው።

በነባሩ ደረጃ፣ ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል ይችላል ወይ የሚለውን ስናይ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር ወደፊት እንመለከታለን። ቆጠራው የሚጀምረው ሂሳቡ ከተዘጋበት ቀን ነው። ሂሳቡ ዲሴምበር 31 ተዘግቶ ሪፖርቱ ጁን መጨረሻ ላይ ቢፈረምስ? ስድስቱ ወር አልቋል ማለት ነው። አንባቢው ዓመት ሙሉ የታየለት ይመስለዋል። የቀረው ግን ግማሹ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ፋይል በእጄ አልፏል። ትልቁ ብድር የሚከፈልበት ቀን ከአሥራ ሁለት ወሩ በሦስት ሳምንት ያልፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ ላለው ጊዜ ደረጃው የሚያዘን ማኔጅመንቱን እንድንጠይቅ ነው። ጠየቅን። «ከባንኩ ጋር እየተነጋገርን ነው፣ ይራዘማል» አሉን። መልሱን መዝግበን ፈረምን። ብድሩ አልተራዘመም። ሠራተኞቹ የመጨረሻ ደመወዛቸውን እንኳን ሳይቀበሉ ተበተኑ። የሥራ ወረቀታችን አንድም እንከን አልነበረበትም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2025 የወጣው የተሻሻለው ደረጃ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። አሥራ ሁለት ወሩ የሚቆጠረው የሂሳብ መግለጫው ከጸደቀበት ቀን ይሆናል። ከዲሴምበር 15 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚጀምሩ የሂሳብ ዘመኖች ይሠራል። ሪፖርታችንም ስለ ድርጅቱ ቀጣይነት ምን እንደደመደምን በግልጽ ይናገራል። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ።

የቀረው ችግር ግን የእናንተን እጅ ይፈልጋል። ኦዲተሩ ከመጽደቂያው ቀን ሲቆጥር፣ ማኔጅመንቱ የሚመራበት የሂሳብ አያያዝ ደረጃ አሁንም የሚጠይቀው ቢያንስ ሂሳቡ ከተዘጋበት ቀን አሥራ ሁለት ወር ነው። አዲሱ ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 18 ከ2027 ጀምሮ ነባሩን አይ.ኤ.ኤስ 1ን ሲተካ፣ ይህ ድንጋጌ አይ.ኤ.ኤስ 8 ወደሚባለው ሌላ ደረጃ ተዛወረ እንጂ አልተለወጠም። ስለዚህ ነገ የፋይናንስ ኃላፊውን «ትንበያህን ስድስት ወር አርዝምልኝ» ስለው፣ «የትኛው ሕግ አዘዘኝ?» ቢለኝ እውነት አለው። እምቢ ካለ ከእሱ ጋር መወያየትና በሪፖርቴ ላይ የሚያስከትለውን ማየት አለብኝ። ትልቅ ደንበኛ ላለው ትንሽ የኦዲት ድርጅት ይህ ቀላል ፍጥጫ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን እንደሚለዝብ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ትእዛዙ ለእኛ ብቻ አይምጣ። ለዳይሬክተሮች ቦርዶችም መመሪያ ላኩ፤ እነሱም ከመጽደቂያው ቀን ይቁጠሩ። የሂሳብ አያያዝ ደረጃው «ቢያንስ» ስለሚል ከዚያ በላይ ማየትን አይከለክልም። በብሪታንያ ኦዲተሮች ከመጽደቂያው ቀን መቁጠር ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ሥራውም አልቆመም።

ፋይሎቻችንን ልትፈትሹ ስትመጡም አረፍተ ነገሩ መጻፉን ብቻ አትዩ። የገንዘብ ፍሰት ትንበያውን ክፈቱት። የብድር ውሉ ላይ ያለውን ቀን ከትንበያው ጋር አስተያዩት። ያን ፋይሌን ያየ ሰው ይህን ቢያደርግ ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያገኘው ነበር።

መመሪያው የ2027 ሂሳብ ከመዘጋቱ በፊት ቢደርሰን፣ የመጀመሪያዎቹን ሪፖርቶች ስንፈርም ከደንበኞቻችን ጋር አንድ ዓይነት ቀን እንቆጥራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ኦዲተር