ጨዋታው ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁንልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነኝ። በ2018 ዓ.ም. የካቲት ወር ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ፣ ከቡድኔ አብዛኞቹ ልጆች ጾመኞች ሆኑ፤ የውድድሩ አዘጋጆች ግን ጨዋታችንን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አደረጉት። ግብ ጠባቂያችን በእረፍት ሰዓት አፉን ተጉመጥምጦ ውኃውን ሲተፋ አጠገቡ ቆሜ ነበር። 3 ለ 0 ተሸነፍን።

እኔም አማኝ ነኝና ጾማችሁን ተዉ የማለት ሐሳብ ፈጽሞ አልነበረኝም፤ ስለዚህ ልምምዱን ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት አድርጌ፣ ሩጫውን ቀንሼ በኳስ ቅብብልና በቦታ አያያዝ ላይ አተኮርኩ። አዛን ሲሰማ ሙስሊሞቹ ልጆች በቴምር ያፈጥራሉ፤ ቴምር የጾም ምግብ በመሆኑ ክርስቲያኖቹም አብረዋቸው ይቀምሳሉ። በዚያች ሰዓት በአጥሩ ሥር ተደርድረው ሳያቸው ሽንፈቱ ይቀልለኛል።

ለልጆቹ ደጋግሜ የማነሣላቸው በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ መድረኩ የተመለሰው ብሔራዊ ቡድናችን፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ቢወጣበትም፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት አሰላለፉን አስተካክሎ፣ በአዳነ ግርማ ግብ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቷል።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጾም ወራት የተማሪዎች ጨዋታ ከ10 ሰዓት በፊት አይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ