ስለ አውሮፕላን ባትሪ ገበያ ሲጻፍ ጥገናው አይዘንጋ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አውሮፕላን ባትሪ ገበያ ዕድገት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ በሚገኘው የኤሌትራውቶ ሱቄ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት የባትሪ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና ጉዳዩ በጋዜጣ ላይ መነሳቱ ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም ጽሑፉ የገበያውን ተስፋ ሁሉ በባትሪ ብቻ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ ጥሎ፣ ሥራው ዛሬ በእጅ የሚገኝበትን ጥገናውን ሳያነሳ በማለፉ ቅር ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳሁ።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ ለተባለችው ባለ ሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን የብቃት ማረጋገጫ መስጠቱ እውነት ነው፤ ትልቅ እርምጃም ነበር። ነገር ግን ይህች አውሮፕላን በአንድ ቻርጅ የምትበረው ሃምሳ ደቂቃ ያህል በመሆኑ ከአዲስ አበባ ተነስታ ኮምቦልቻ መድረስ አትችልም። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ሲይዝ፣ ጥሩ የሚባለው የሊቲየም አዮን (የሞባይል ስልክ ዓይነት ባትሪ) ሴል፣ ማለትም ባትሪው ተገጣጥሞ የሚሠራበት አንዱ ክፍል፣ በኪሎ የሚይዘው ሩብ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ያገኘውን ኃይል ከጄት ሞተር በተሻለ መንገድ መጠቀሙ ልዩነቱን ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም። ነዳጅ ደግሞ እየተቃጠለ ሲሄድ አውሮፕላኑን ያቀለዋል፤ ባትሪ ግን ሲነሳ የነበረውን ክብደት እንደያዘ ያርፋል።

ታዲያ ገበያው የሚያድገው በምንድን ነው? ዛሬ መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን ሁሉ ባትሪ አለው። ጄኔሬተሮቹ ሥራ ቢያቆሙ አብራሪው የሚያየውን መሣሪያና የሚነጋገርበትን ሬዲዮ በሕይወት የሚያቆየው ይኸው ባትሪ ነው። አውሮፕላን በበዛ ቁጥር ባትሪውም ይበዛል፤ ባትሪ ደግሞ ያረጃል፣ ይፈተሻል፣ ይለወጣል። ከዚህም በላይ እንደ ቦይንግ 787 (ድሪምላይነር) ያሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች ቀድሞ በአየርና በዘይት ግፊት ይሠሩ የነበሩ ነገሮችን፣ ፍሬኑን ጨምሮ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አዙረዋል። ከነባሩ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ወደ ሊቲየም አዮን የሚደረገው ሽግግርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የ787 ዋናው ባትሪ ስምንት ሴል ያለው፣ 32 ቮልትና 29 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነው። እኔ በየቀኑ የማነሳው የከባድ መኪና የእርሳስ ባትሪ ከዚህ እየከበደ በኪሎ የሚይዘው ኃይል ግን ያነሰ ነው።

ይህ ሽግግር ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ዋጋውን ደግሞ አገራችን በቅርብ ታውቀዋለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር ከተረከበ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው፣ የሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ድሪምላይነሮች ባትሪ በቀናት ልዩነት በመቃጠሉና በመጨሱ ሥራ ላይ የነበሩት 50 አውሮፕላኖች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። አንድ ሴል ውስጡ አጭር ዙር (ሾርት) ተፈጥሮ ሲግል ጎረቤቱን ያግላል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን። መፍትሔው በሴሎቹ መካከል መከላከያ ማስገባት፣ ባትሪውን በጠንካራ የብረት ሳጥን መዝጋትና ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ መግጠም ሆነ። ከእገዳው በኋላ መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የበረረው የእኛው አየር መንገድ ድሪምላይነር ሲሆን፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ነበር። ያን ዜና በሰማሁበት ቀን የተሰማኝ ኩራት ዛሬም አልወጣልኝም።

ጥገና ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። አሁንም በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ያለው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ሴል አለው። በየጊዜው ከአውሮፕላኑ ይወርድና ኃይሉ ሙሉ በሙሉ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከዚያ ሴሎቹ እኩል እንዲሆኑ እያንዳንዱ ዜሮ ድረስ ይወርዳል፣ እንደገና ይሞላል፣ የተጣራ ውሃው ተስተካክሎ የደከመው ሴል ይለወጣል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ እኔ ባትሪ አሲድ ሳይሆን የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የእርሳስ ባትሪ የነካ መፍቻ ወይም ማንቆርቆሪያ እዚያ ክፍል አይገባም፤ ጥቂት አሲድ ሴሉን ያበላሸዋልና። ይህን ሥራ የሚሠራው ትዕግሥትና ንጽሕና ያለው፣ የለካውን ሳይሰለች የሚመዘግብ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ደሴም ኮምቦልቻም ሞልተዋል፤ አጠገቤ ሆነው ሥራ የለመዱትን አውቃቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ሆዱ ያበጠ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ ይዞልኝ መጣ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እንደለመደው መፍቻ አንስቶ ሊከፍተው ሲል እጁን ያዝኩት። ባትሪውን ከሱቁ ርቆ አሸዋ ላይ አስቀመጥነውና ከዚያ በኋላ ምን እንደምናደርገው ግን ሁለታችንም አላወቅንም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሊቲየም ባትሪ ወደ ከተማችን በየቀኑ እየገባ ነው፤ ሊቲየም የሚያስተምረን ግን አላገኘንም።

የአውሮፕላን ባትሪ ደሴ ሱቅ ውስጥ ይከፈት አላልኩም። ፈቃድ ባለው የጥገና ክፍል፣ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ብቻ የሚነካ ነገር ነው፤ እንዲያም ሊሆን ይገባል። የምጠይቀው ሥልጠናውን ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ኮምቦልቻ ላይ ናቸው። ኢንስቲትዩቱ ከአየር መንገዱ የጥገና ባለሙያዎች ጋር ተመካክሮ የባትሪ ፍተሻና የሊቲየም አያያዝ አጭር ሥልጠና ቢከፍት፣ የጎበዙ ልጅ ዕጣ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ጥገና ክፍል ይሆናል፤ የሌላው ደግሞ እዚሁ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አቅርቦ መልሳቸውን ቢያስነብበን ውለታው ትልቅ ነው። እኔም ሥልጠናው ከተከፈተ የእርሳስ ባትሪውን ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ። የሊቲየሙን ክፍል ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ እማራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ